ከብቱ ሲወርድ መድኃኒቱም ይውረድ፦ በጋምቤላ ነባር ብሔረሰቦች ዘንድ የኤችአይቪ ሕክምና እንዳይቋረጥ

የቀረበው ጥያቄ፦ «በጋምቤላ ክልል ኑዌር ዞን በአንድ ጤና ጣቢያ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል ነርስ ሆኜ ከተመደብኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቋንቋውን አልችልም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርስ ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ከብት ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ቀጠሮ የሚያከብር የለም። መዝገቡ ላይ ‹ጠፋ› ብዬ እጽፋለሁ። ሲመለሱ ቫይራል ሎዳቸው (በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን) ከፍ ብሎ ይገኛል። ምን ላድርግ? ግርዛት ይረዳል የሚባለውስ እውነት ነው?»

የባለሙያ ምላሽ፦

መዝገቡ ላይ «ጠፋ» የተባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከብቱ ካለበት አለ፤ ከብቱ የት እንዳለም መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ያልመጣው እሱ በማይኖርበት ወር ስለቀጠርነው ነው። ስለዚህ ሥራዎ ከምክር በፊት ከቀን መቁጠሪያ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ጥቂት ልበል፤ ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። በክልሉ ነባር የሚባሉት ብሔረሰቦች አምስት ናቸው፦ አኙዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የጋምቤላ ነዋሪዎች 4.8 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በዚያው ጥናት አዲስ አበባ 3.4፣ አገሪቱ በጠቅላላ 0.9 በመቶ ነበሩ። በ2003ቱ ጥናትም ጋምቤላ በ6.5 በመቶ ከሁሉም ክልል ትቀድም ነበር። ይህ ቁጥር ግን የክልሉ ነው፤ በከተማ የሚኖረው ደገኛም፣ ለእርሻና ለወርቅ ሥራ ከሌላ አካባቢ የመጣውም ተቆጥሮበታል። «የኑዌር በሽታ» ወይም «የአኙዋ በሽታ» የሚል አነጋገር በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከሰሙ ወዲያውኑ ያስቁሙት። ሰው የሚሸሸው ከመድኃኒቱ በፊት ከእንዲህ ያለ ቃል ነው።

ቁጥሩ ለምን ከፍ አለ ለሚለው፣ ምክንያቶቹ ብዙና የተደራረቡ ናቸው። የወንድ ግርዛት በነባሩ ባህል የሌለባቸው ማኅበረሰቦች አሉ። አካባቢው ድንበር ነው፤ ወታደር፣ ነጋዴ፣ ስደተኛ ያለማቋረጥ ይመላለስበታል። በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የገባው ሕዝብ ብዛትም ይታወቃል። ክረምት ሲገባ ውሃ መንገዱን ስለሚዘጋው ምርመራውም መድኃኒቱም ዘግይቶ ይደርሳል። ግንባር ላይ መስመር ለማውጣት የሚውለው ምላጭ ደጋግሞ ይነሣል፤ አንድ ምላጭ ለአንድ ልጅ ብቻ መዋል እንዳለበት ማስተማር ተገቢ ነው። ዋናው መተላለፊያ ግን እዚያም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ጥንቃቄ የጎደለው ግብረ ሥጋ ነው። ትምህርቱ ምላጩ ላይ ብቻ ካተኮረ ሕዝቡ ባህሌን ልትነቅፉ መጣችሁ ብሎ ጆሮውን ይዘጋል።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው። ኑዌር ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ቶት ዝናቡ፣ ማይ ደረቁ። በቶት ቤተሰቡ ከፍ ካለው መሬት ላይ በመንደሩ ይኖራል፤ በማይ ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዝ ዳር የከብት ሰፈር ይወርዳል። ካርዱ ላይ «አድራሻ» የሚለው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ሁለት ይጻፉ። የቶት መንደሩንና የማይ ሰፈሩን። ቀጥለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መቼ ትወርዳላችሁ? መቼ ትመለሳላችሁ? ከሰፈሩ ወደ ገበያ የሚመላለሰው ማነው? ሦስተኛው ጥያቄ በጣም ይጠቅማል፤ መድኃኒት ቢያልቅ ወይም ሰው ቢታመም ወሬውን ይዞ የሚመጣው ያ ሰው ነውና። ስለ በሽታው እንዲያውቅ ግን ታካሚው ካልፈቀደ ምንም አይነገረው። አኙዋ ዘንድ ጥያቄው ይለያል፤ አራሽና ዓሣ አስጋሪ ስለሆነ የሚንቀሳቀሰው በወንዙ ሙላትና በማሳው ነው። ማጃንግም የጫካ ንብ አርቢ ነው፤ የማር ቆረጣው ወቅት ሲደርስ ከቤቱ ይርቃል። ሁሉንም አንድ ዓይነት አርብቶ አደር አድርጎ መቅጠር አያስኬድም።

የክኒኑ ሂሳብ ላይ ደግሞ ልብ ይበሉ። በካርዱ 1ጄ ብለው የሚጽፉት መድኃኒት፣ ማለትም ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም በአንድ ክኒን፣ በቀን አንዴ ይዋጣል። ለስድስት ወር ተብሎ የሚሰጠው 180 ክኒን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ኅዳር 1 ቀን የወሰደ ሰው የመጨረሻዋን ክኒን ሚያዝያ 30 ይውጣትና ግንቦት 1 ባዶ እጁን ይመጣል። አንድ ቀን ቢዘገይ፣ ጀልባ ቢያጣ፣ ላም ብትወልድበት፣ መድኃኒቱ ተቋረጠ ማለት ነው። ቀጠሮው ጳጉሜን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ይባስ፦ ከሰኔ 1 እስከ ታኅሣሥ 1 ያለው 185 ቀን ነው፤ አምስት ክኒን ይጎድላል። ስለዚህ ለሚወርደው ሰው 210 ይስጡት፤ ሁለት የ90 ጠርሙስና አንድ የ30። የ30ዋን «ይቺ የመንገድ ናት፣ መጨረሻ ትከፈታለች» ብለው ለይተው ያስረክቡት። ማንበብ ለማይችል ሰው አቆጣጠሩን በጨረቃ ይንገሩት፤ አንድ የ30 ጠርሙስ ከአንድ ጨረቃ ጋር ይቀራረባል፣ የ90ው ሦስት ጨረቃ ነው።

ስድስት ወር ለመስጠት ሰውየው ሕክምናውን ከጀመረ ቢያንስ ስድስት ወር የሆነው፣ ቫይረሱ የወረደለትና አሁን የሚታይ ሕመም የሌለበት መሆን አለበት። አዲስ ጀማሪ ከሆነ ግን ባዶውን አይሸኙት፤ የሦስት ወር ይስጡትና በሰፈሩ አቅራቢያ መድኃኒቱን በሚሰጥ ጤና ጣቢያ እንዲቀጥል የዝውውር ወረቀቱን አስቀድመው ይጻፉለት። ወረቀቱ ላይ የጀመረበት ቀን፣ የሚወስደው ዓይነትና የመጨረሻው ቫይራል ሎድ ካለበት የትም ቢሄድ ያለ ጭቅጭቅ ይሰጠዋል። አንዳንድ ጊዜ በሕዝቦች መካከል ግጭት ሲነሣ ታካሚው ወደ እርስዎ ጤና ጣቢያ የሚያመጣውን መንገድ ማቋረጥ አይችልም፤ ወረቀቱ ያን ጊዜም ያድነዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በየሁለት ወሩ የሚሞሉት የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ የሚያሰላው ባለፈው ፍጆታ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ፍጆታዎ ትንሽ ከሆነ ለጥቅምትና ኅዳር የሚመጣልዎ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሰባት ወር ሊወስድ የሚሰለፈው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ የሚወርዱትን ሰዎች ነሐሴ ላይ ይቁጠሩ። 60 ሰው ከሆኑ 120 ጠርሙስ የ90 እና 60 ጠርሙስ የ30 ያስፈልግዎታል። ይህንን ማስታወሻው ላይ ከነምክንያቱ ጽፈው ይላኩ፤ ለወረዳው የፋርማሲ ባለሙያም በስልክ ይንገሩ።

ሙቀቱን ደግሞ መናቅ አይቻልም። ጠርሙሱ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፤ በየካቲትና መጋቢት ጋምቤላ ከ40 ያልፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ ላይ በተዘረጋ ሻንጣ ውስጥ፣ ወይም የሞተር ጀልባ ላይ የዋለ ጠርሙስ ይጎዳል። የሣር ጣሪያ ያለው ቤት ይሻላል፤ ሰፈር ላይ ደግሞ በቅል ውስጥ ተደርጎ ጥላ ያለው ዛፍ ላይ ቢሰቀል ጥሩ ነው። ከሙቀቱ ይልቅ ክኒኑን ቶሎ የሚያበላሸው ግን እርጥበት ነው። ሰዎች ክኒኑን ከጠርሙሱ አውጥተው በላስቲክ ይቋጥሩታል፤ ለምን ቢሉ ጠርሙሱ ሲሄዱ ይንሿሿል፣ የተንሿሿ ጠርሙስ ምን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። «ከጠርሙሱ አታውጣ» ብሎ መቆጣት ጥቅም የለውም። ከላይ ባለው ባዶ ቦታ ንጹሕ ደረቅ ጥጥ ይክተቱለትና ድምፁ ይጠፋል፤ ትንሿ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ግን ከውስጥ አትውጣ። ጥጡ ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ በየሁለት ሳምንቱ ይቀይረው። የጠርሙሱንም ወረቀት መላጥ ከፈለገ ይላጥ፤ ስሙና ቀኑ ካርዱ ላይ አለ።

ሰዓቱን በእጅ ሰዓት አይንገሩ። ከጠዋቱ የወተት አለባ ጋር ያያይዙት፤ ከብት ሳይታለብ የሚውልበት ቀን የለም። ምግብ በልቶም ሳይበላም ይዋጣል። የሚያጣላው የብረትና የካልሲየም ክኒን፣ እንዲሁም ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ነው፤ እነዚህ ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም አይገባም። የነፍሰ ጡር ክትትል ክፍሉ ለእያንዳንዷ እናት ብረት ስለሚሰጥ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። የኤችአይቪውን ክኒን ብረቱን ከመዋጧ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከዋጠች 6 ሰዓት በኋላ ትውሰድ፤ ይህ ካስቸገራት ሁለቱንም ከምግብ ጋር በአንድ ላይ ትዋጥ። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ደግሞ ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን መጠን ስለሚያወርደው ከ12 ሰዓት በኋላ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ ሪፋምፒሲኑ ካለቀም በኋላ ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ሲመለሱ ቫይራል ሎዳቸው ከፍ ካለባቸው ሰዎች መካከል ይህች ሁለተኛ ክኒን ሳትሰጣቸው የሄዱ ካሉ መዝገቡን ይፈትሹ።

የቫይራል ሎድ ናሙና ከመውረዳቸው በፊት፣ መስከረም ላይ ይወሰድ። ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃልና ጥቅምት ላይ መድኃኒት ሊወስድ ሲመጣ ይደርስልዎታል። ፕላዝማ በበረዶ መላክ ካልተቻለ በወረቀት ላይ የሚደርቀው የደም ናሙና አለ። አምስቱ ክቦች እያንዳንዳቸው በአንድ ሙሉ ጠብታ ይሞሉ፤ ጠብታ ላይ ጠብታ አይደረብ፣ ጣት ወረቀቱን አይንካ። ካርዱ ተዘርግቶ ከፀሐይ፣ ከጭስና ከዝንብ ርቆ ቢያንስ 4 ሰዓት ይድረቅ፤ በክረምቱ እርጥበት ግን ያድር። ያልደረቀ ካርድ በላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል፣ ላቦራቶሪውም ይጥለዋል። አንዱ ካርድ ከሌላው ጋር እንዳይነካካ ግላሲን በሚባለው ልሙጥ ወረቀት ይለይ፤ ከመምጠጫ ከረጢትና ከእርጥበት መለኪያ ካርድ ጋር ይታሸግ። መለኪያው ቀለሙን ከቀየረ ከረጢቶቹን ይቀይሩ። ውጤቱ በሚሊ ሊትር ከ1000 የቫይረስ ቅጂ በላይ ከሆነ መድኃኒቱን ለመለወጥ አይቸኩሉ። ቫይረሱ ይህን መድኃኒት በእርግጥ ሲላመድ ብዙም አይታይም፤ አብዛኛው ያልተዋጠ ክኒን ነው። ሦስት ጊዜ የተጠናከረ ምክር ሰጥተው ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙት።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የታካሚውን ልጅ፣ አማች ወይም ጎረቤት አያስተርጉሙ። አንዲት ሴት በባሏ ወንድም በኩል ስለ ግብረ ሥጋ ትነግረኛለች ብሎ መጠበቅ አይገባም። የራሱን ቋንቋ የሚናገር፣ ቢቻል ራሱ መድኃኒቱን የሚወስድና ከሌላ መንደር የሆነ ሰው በወረዳው በኩል ያስመድቡ፤ ምሥጢር የሚጠብቅበትን ቃልም በጽሑፍ ይግባ። እርስዎም ቢያንስ አሥራ አምስት ያህል ዐረፍተ ነገር ይማሩ። ሰላምታውን፣ «ክኒኑ ቀረህ?»፣ «ትኩሳት አለህ?»፣ «ትስያለሽ?»። ታካሚ ነርሷ በቋንቋው ስትሳሳት ሲሰማ ፊቱ ይፈታል።

ቤተሰቡን ስትመረምሩ ብዙ ሚስት ያለበት ቤት ይገጥማችኋል። አንዷ ሚስት ቫይረሱ ሲገኝባት ሌሎቹና ባልየው ይመርመሩ የሚለው ትክክል ነው፤ ግን መጀመሪያ ለብቻዋ «ቢያውቅ ይመታሻል ወይ?» ብለው ይጠይቋት። አዎ ካለች በስሟ ማንንም አይጥሩ፤ መላው ቤተሰብ ለሌላ ምርመራ በሚመጣበት ቀን አብረው ይመርምሩ። ባል ሲሞት ሚስት ለሟች ወንድም የምትሰጥበት ልማድም አለ። ልማዱን ለማስቀረት መነሣት የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ የእርስዎ ሥራ ወንድምየው ወደ እሷ ከመግባቱ በፊት ሁለቱም እንዲመረመሩ ሽማግሌውን ማሳመን ነው። አንዱ ቫይረሱ ካለበት ያ ወገን ወዲያው መድኃኒቱን ይጀምር፣ ቫይረሱ እስኪወርድ ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ለሌላው ፕረፕ (ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ የሚወስደው መድኃኒት) ይሰጥ። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። ይህን ለሽማግሌዎች በግልጽ ይንገሩ፤ «መድኃኒቱን ከበላ ቤቱ ዘር ይተካል» ተብሎ ሲነገር ያዳምጣሉ።

ቫይረሱ ኖሮባት ቤቷ ለምትወልድ እናት ሕፃኑ የሚወስደውን የመከላከያ ሽሮፕ ከምጥ በፊት ይስጧት። ኔቪራፒን በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ያለበት ነው፤ 2.5 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕፃን በቀን አንዴ 1.5፣ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትር፤ ከ2 ኪሎ በታች ከሆነ ግን በክብደቱ ይሰላል። መርፌ አልባውን ሲሪንጅ በ1.5 ላይ በቀለም ያስምሩላት፤ ቁጥር ማንበብ አይጠበቅባትም። ሕፃኑ በጣም ትንሽ ከመሰላት እስኪመዘን ከመስመሩ ዝቅ እንድታደርግ ሁለተኛ መስመር 1 ላይ ይጨምሩ። የእናቲቱ ቫይረስ ከፍ ያለ ከሆነ ዚዶቩዲንም ይታከላልና ጊዜው እስከ 12 ሳምንት ይረዝማል፤ ይህን በጤና ጣቢያው መመሪያ ያስሉት። ሕፃኑ በ6 ሳምንቱ የደም ናሙናው ይወሰድ፣ ኮትሪሞክሳዞል ይጀምር። የላም ወተት ቀድሞ ከቀመሰ ጡቱን አስጥሉት ማለት ስሕተት ነው፤ እናትየው መድኃኒቷን እስከዋጠች ድረስ ጡቱን መቀጠሉ ይሻላል።

ግርዛትን በተመለከተ እውነት ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ወንዱ ከሴት የሚይዘውን ዕድል 60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ይመክረዋል። ሴቷን በቀጥታ አይጠብቃትም፣ ኮንዶምንም አይተካም፤ ቫይረሱ ላለበት ወንድም ለዚህ ዓላማ አይደረግም። ችግሩ የሚመጣው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። ቁስሉ እስኪድን 6 ሳምንት ያስፈልጋል፤ በዚያ መካከል ግብረ ሥጋ ከፈጸመ አደጋው ከበፊቱ ይብሳል፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ካጠመደ ደግሞ ቁስሉ ያመረቅዛል። ስለዚህ ዘመቻው ዓሣ ማስገሪያውና ጎርፉ በሌለበት ሳምንት ይሁን፤ ሰውየው በ48 ሰዓትና በ7ኛው ቀን መታየት መቻሉን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ። የቴታነስ ክትባቱንም ይጠይቁ። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ያሉት ራሳቸው አስበው ይስማሙ፤ «ገርዘን እንደ ደገኛ ልናደርጋችሁ ነው» የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው ማስረዳቱን የአካባቢው ተወላጅ ባለሙያ ይምራው።

አቋርጦ የመጣውን ሰው «የት ነበርክ?» ብለው አይቀበሉት፤ የት እንደነበረ ያውቃሉ። ከቀጠሮው 28 ቀን ካለፈ ሲዲ4 (የመከላከያ ሕዋሳቱን ብዛት) ይለኩለት። ከ200 በታች ከሆነ የክሪፕቶኮከስ (የማጅራት ገትር የሚያመጣ ፈንገስ) ምርመራና የቲቢ የሽንት ምርመራ ያስፈልገዋል። ትኩሳት ካለው ወባ ተገኘበት ብለው እዚያ አያቁሙ፤ በዚህ አገር ወባና ቲቢ በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም መደናገር ካለበት መድኃኒቱን አይጀምሩለት፤ የማጅራት ገትር ሳይጣራ መጀመር ሊገድለው ይችላልና ወደ ሆስፒታል ይላኩት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ያንኑ 1ጄ በዚያው ቀን ይጀምርና ቫይራል ሎዱ ከሦስት ወር በኋላ ይታይ። ደግሞም ስለቀረ እንደ ቅጣት ከሰልፉ መጨረሻ አያስቀምጡት፤ ከሩቅ ሰፈር የመጣ ሰው ማታ ከመጨለሙ በፊት ከብቱ ጋር መድረስ አለበት።